አይጥ የሌለበት የአይጦች ክፍል

ድንቡሼ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ለእማማ ጉልበት ልትገዢው ያሰብሽው የፔፕታይድ መርፌ የተጠናበትን ላብራቶሪ ዛሬ አየሁት። ጥናቱን ሳነበው የከነከነኝ አንድም አይጥ ሳይሞት ሁሉም ድኗል መባሉ ነበር፤ ሙከራውን ሌላ ቦታ ደግሞ ያንን ውጤት ያገኘም የለም።

ተመራማሪው፣ ትሁት ሽማግሌ፣ ራሳቸው አስገቡኝ። እኔ የምሠራበት ላብራቶሪ ገና ኮሪደሩ ላይ ሳለሽ የአይጡ ሽታ ይሰነፍጥሻል። እዚህ ግን ሽታም ኮሽታም የለም። የሽቦ ሳጥኖቹ በየመደርደሪያው ተደርድረዋል፣ ውሃውም ምግቡም ሙሉ ነው፣ በውስጣቸው ግን ምንም የለም።

«አይጦቹስ የት አሉ?» አልኳቸው።

«ቀስ በይ ልጄ፣ ተኝተዋል» አሉኝ በሹክሹክታ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁት። የቀልድ ፊት አልነበረም። ወደ አንዱ ባዶ ሳጥን ጎንበስ ብለው «ይሄ እንኳ መራመድ አቅቶት ነበር፤ አሁን ይሮጣል» አሉና በስስት አዩት። ስንወጣ መብራቱን አጠፉላቸው። ብታምኚም ባታምኚም፣ እኔም ድምፅ እንዳላሰማ በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ነው የወጣሁት።

ፖስት ካርዱ ላይ መጻፊያ ቦታ አለቀብኝ። መርፌውን እማማ አጠገብ እንዳታደርሺው፤ አደራ! ልጆቹን ሳሚልኝ። የእማማንም ጉልበት፣ የሚያማቸውን ሁለቴ።