ያልተበላሸው ካሜራ

ለታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ሚስትህና ልጅህ ደህና ናቸው? አጎታችን ጉልበቱን ተሻለው? እናታችንስ እንዴት ናት? ይህን የመጨረሻውን ጥያቄ እንደ ወጉ እንዳታልፈው፤ ከሰላምታው ሁሉ የምር የጠየቅኩህ እሱን ብቻ ነው። እኔ ተናደድኩ እንጂ አልታመምኩም። ያልደወልኩልህ ስለምጮህብህ ነው፤ ስጮህብህ ደግሞ «ይቆራረጣል፣ አይሰማም» ብለህ ትዘጋዋለህ። ወረቀት አይቆራረጥም።

የዛሬ ውሎዬን ስማ። የአንድ ሳሙና ፋብሪካ ማሸጊያ ዲዛይን ስሠራ መክረሜን ነግሬሃለሁ። ባለቤቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ሊያየው ቀጠሮ ነበረን። ጠዋት ሥራውን ስከፍት የአረፋው ፎቶ የለም። በቦታው ባዶ ሳጥን ቀርቶ መሀሉ ላይ የኤክስ ምልክት ተሰምሮበታል። ሌላ ፎቶ ፈልጌ ተካሁበት። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ ደግሞ ሳሙና የያዘው እጅ ጠፍቷል። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁት። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ፎቶዎቹ ዓይኔ እያየ አንድ በአንድ መጥፋታቸውን ቀጠሉ።

ቴክኒሻኑ ተጠርቶ መጣ። ክዳኑን ፈታ፣ አቧራውን እፍ አለና «ቫይረስ ነው» አለ። እሱ ያልገባው ነገር ሁሉ ቫይረስ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሲጎረጉር ቆይቶ ምንም ሳያገኝ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ።

ከፊት ለፊቴ የሚቀመጠው ዲዛይነር አለ፤ ዝምተኛው እያልኩ የማማልህ። የሳሙናው ሥራ መጀመሪያ የእሱ ነበር፤ አለቃችን ነጥቃ ለእኔ ሰጠችኝ። ደሜ ፈላና ቢሮው ሁሉ እየሰማ «አንተ ነህ እዚያ ተቀምጠህ የምታጠፋብኝ፣ ምቀኛ!» አልኩት። ሁለት እጆቹን ከኪቦርዱ አንስቶ ወደ ላይ ዘረጋቸው። እጆቹ አየር ላይ እንዳሉ ሌላ ፎቶ ጠፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ዲዛይኑ የሚስባቸው ፎቶዎች የት እንደተቀመጡ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ከቤት ስወጣ አንተ የከፈትክልኝ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ውስጥ ናቸው፤ «ለሁለታችን አንድ ይበቃል፣ የይለፍ ቃሉም የእማዬ ስም ነው» ብለህ የሰጠኸኝ። የቢሮ ሥራ እዚያ ማስቀመጤ የራሴ ስንፍና ነው፣ አልክድም። የተሰረዙ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትን ቦታ ስከፍተው ሁለት መቶ አሥራ አራት ፎቶ ተከምሯል። አጠገባቸው ማን እንዳጠፋቸው ተጽፏል፤ ያንተ ስልክ።

መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው ስድብ ለወረቀት አይሆንም። ስልክህ ሞልቶብህ እየጠረግክ ነው ብዬ፣ እየተሳደብኩ አንድ በአንድ ስመልስ፣ ከአረፋውና ከሳሙናው መሀል እናቴን አገኘኋት። የሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታለች። የፊቷ ግራ ጎን በሙሉ በፋሻ ተሸፍኗል። አምስት ፎቶ ነው። የመጀመሪያው ከተነሳ ሦስት ሳምንት ሆኖታል።

ለካ ስልክህ ያነሳኸውን ሁሉ ወደዚያው ይልከዋል፤ እኔ የራሴን ፎልደር ብቻ ስለምከፍት አላየሁትም። ይህ ዛሬ ገባህና፣ እኔ ሳላይ ለማጥፋት ስትጣደፍ ያገኘኸውን ሁሉ ጠረግከው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ «ካሜራው ተበላሽቷል፣ በድምፅ አናግሪያት» ስትለኝ ነበር። እኔ ሞኟ ደግሞ እንዴት እንደሚጠገን ሳስረዳህ ከረምኩ። አጥፍተህ አብራው ስልህ «አበራሁት፣ እምቢ አለ» አልክ። ሌንሱን በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው ስልህ «እየጠረግኩት ነው» አልክ። አላፈርክም፣ አልሳቅክም። የእኔ እንጀራ ደህናውን ፎቶ ከተበላሸው መለየት ነው፤ ያንተን ካሜራ ግን ደህና መሆኑን አላወቅኩም።

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» ልትለኝ ነው። እንዳትለኝ። አባታችን ሲታመምም «ቀላል ጉንፋን ነው» ብላችሁኝ ነበር፤ የደረስኩት ለቀብሩ ነው። በእኛ ቤት ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ መደበቅ ደግነት ነው። ለማን ደግነት እንደሆነ እንጃ፤ ለእኔ ግን በደል ነው። ያኔ ይቅር ብያችኋለሁ። ሁለተኛ ይቅር የምል እንዳይመስልህ።

ሥራውን ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲል አደረስኩት፤ ባለቤቱም ወደደው። አለቃዬ ግን ሰው ፊት ስለተሳደብኩ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠችኝ። ዝምተኛውን ይቅርታ ስጠይቀው ፊቱን አዞረብኝ፤ አልፈርድበትም።

ይህን ነገ ወደ እናንተ በሚመጣ መንገደኛ እልከዋለሁ። ዓርብ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ካሜራውን ከፍተህ ፊቷን አሳየኝ፤ ምን እንደደረሰባት፣ ዓይኗ ይተርፍ እንደሆነ ሐኪሙ ያለውን ሳትቀንስ ንገረኝ። የይለፍ ቃሉን ልቀይር እጄ ሄዶ ነበር። ተውኩት። ስለ እናቴ እውነት የሚደርሰኝ በዚያ በኩል ብቻ ከሆነ ክፍት ይሁን።

ለሚስትህ ሰላም በልልኝ፤ አብራህ ስለዋሸችኝ ግን ሰላምታው ግማሽ ነው። የአጎታችንን ጉልበት ሳምልኝ፣ የታመመውን ግን እንዳትነካበት። ድንቡሼ ልጅህን ሁለት ጊዜ ሳምልኝ። ባለፈው «አክስቴ፣ አያቴ እኮ...» ስትል ስልኩን ለምን እንደነጠቅካት አሁን ገባኝ፤ በዚያ ቤት ብቸኛዋ እውነተኛ እሷ ናት። ለእማዬ ይህን ደብዳቤ እንዳታነብላት። ዝም ብለህ ቀኝ ጉንጯን ሳምልኝ፣ ፋሻ የሌለበትን።

ታናሽ እህትህ

ከሥራ ጠረጴዛዬ፣ ማክሰኞ ጥር 25 ቀን