ጠጥቷል፣ አይነሳም

እታለም፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፤ ዛሬ ግን ሐይቁ መሃል ቆመን ነበር። የጀልባው ሞተር ካንቺ ፀጉር ቤት ጀነሬተር የባሰ ግትር ነው። ማዶ ያለው አውቶቡስ በአራት ሰዓት ይሄዳል፤ ካመለጠን እስከ ሰኞ ሌላ የለም። ጀልባ ነጂው ገመዱን ሲስብ ሲስብ ደከመውና፣ "ጠጥቷል፤ እንዲህ ሆኖ አይነሳም" አለ፤ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታል ማለቱ ነው። ባሌ ደግሞ ማዕበሉ አዙሮት፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል። አማቴ ዞር ብለው አዩትና፣ "በጠዋቱ! አንተ፣ ከየት አግኝተህ ነው?" ብለው ጮኹ። ነጂው ሊያጽናናቸው ብሎ፣ "አይቆጡ እማማ፤ አርጅቷል፣ ልማዱ ነው" አይላቸውም! እኔ በሳቅ ሞትኩ፤ ማስረዳት ከየት ይምጣ። ባሌ ደንግጦ ተነሳ፤ ከነጂው ጋር በቤንዚን የራሰውን የሞተሩን ካንዴላ ነቅለው በባሌ ሸሚዝ ጠረጉት፤ ሞተሩም እያጓራ ተነሳልን። አውቶቡሱን በሩጫ ያዝነው። ይኸው አሁን አማቴ አጠገቡ ተቀምጠው ሸሚዙን እያሸተቱ፣ "በዚህ ዘመን ደግሞ ቤንዚን መጠጣት ጀመሩ?" ይሉኛል። የፖስታ ካርዱ ቦታ አለቀብኝ፤ ልጆቹን በየተራ ሳሚልኝ። ለእናትሽ ግን እንዳታነቢላቸው፤ ወዲያው ለአማቴ ደውለው ያጽናኗቸዋል።