የባለጣሳዋ ምራቂ

አሰላ፣ ታኅሣሥ መጀመሪያ

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? የአዳማ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ያ ደረቅ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እዚህ ውርጩ ገብቷል። ጠዋት ጠዋት የጭላሎ ራስ ጥርት ብሎ ይታያል፣ የሰው እጅ ግን ከኪስ አይወጣም። ገብሱ ተሰብስቦ አልቋል፣ ስንዴውም ዘንድሮ ጥሩ ፍሬ ይዟል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለሁ። ጤና ያልሆነውን ደግሞ ወደ ታች ስትወርጂ ታገኚዋለሽ።

ወረቀት ስታዪ "እቴቴ ስልኳ ተበላሽቶባት ይሆናል" ሳትዪ አልቀረሽም። ስልኬ ደህና ነው። በቴሌግራም የላክሽልኝን ቮይስ ሁሉ ሰምቻለሁ፤ "ለምን ዝም አልሽኝ?" ያልሽውንም ሰምቻለሁ። በድምፄ ያልመለስኩልሽ ድምፄ አንቺ ዘንድ ሲደርስ ምን እንደሚደረግ ስላወቅሁ ነው። ወረቀት ቢያንስ አይዘፍንም።

ነገሩን ያወቅሁት ሳጉሬ ገበያ ላይ ነው። ባቄላ እየሰፈርኩ ነበር። ዛሬ ሁሉ ነገር በሚዛን ሆነ ቢባልም ባቄላና አተር የሚገዙ ሴቶች ጣሳ ካላዩ ልባቸው እንደማይረጋ ታውቂያለሽ። አባባ እንዳስተማረን "አንድ" ሳልል "በረከት" ብዬ ጀመርኩ፤ ቁጥሩ እንዳይጠፋኝ እያንዳንዱን በዜማ እየደጋገምኩ ጨረስኩ። ከዚያ እንደ ልማዴ ምራቂ ልጨምርላት በእፍኜ ዝቄ ስዘረጋ ገዢዋ የጆንያውን አፍ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

"ተዪው እህቴ፣ ይበቃኛል" አለች። እየሳቀች ነው፤ ዓይኗ ግን አይስቅም። ምራቂዬን እምቢ ያለኝ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። እፍኜን እንደዘረጋሁ እንደ ለማኝ ቆምኩ። ቀጥላ የመጣችው ነፍሰ ጡር ነበረች። እሷማ ገና ጣሳውን ሳነሳ "ቀድሜ ልንገርሽ፣ ምራቂ አልፈልግም" አለችኝ።

ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጠው ፈይሩዛ ሳቋን ይዛ ቆይታ፣ "አንቺ፣ ድምፅሽን ለማን ነው ያከራየሽው?" አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ስጠይቃት፣ "አሰላ ስትመለሺ ከሊፋ ጌም ቤት ገብተሽ አዳምጪ" አለች። "የእኔ ልጆች ሽንት ቤት እንኳ ብቻቸውን መሄድ ትተዋል። 'ባለጣሳዋ ትመጣለች' ነው የሚሉኝ። ዜማው ያንቺ፣ ድምፁ ያንቺ። እኔማ አክሲዮን ገዝታ ነው ብዬ ነበር።"

ከሊፋን ታስታውሺዋለሽ፤ ያ ፎቶ ኮፒ ቤቱን ጌም ቤት ያደረገው። ስገባ ልጅ ፍለጋ የመጣሁ መስሎት፣ "አዴ፣ ወላሂ ከትምህርት የቀረ ልጅ እዚህ የለም፤ ሁሉም የከሰዓት ፈረቃ ናቸው" ብሎ ማለ። "ራሴን ፈልጌ ነው የመጣሁት" አልኩት። ድምፄን ሲሰሙ ተጫዋቾቹ ሁሉ ዞሩ። አንዲት ትንሽ ልጅ ወንበሯን ትታ ከወንድሟ ጀርባ ገባች። ከሊፋም "ያ ረቢ!" ብሎ አፉን ያዘ።

ያስረዳኝ እሱ ነው። በዘፈን ምት ቀስቶች እየወረዱ፣ ተጫዋቹ በጊዜው ቁልፍ የሚጫንበት የፈረንጅ ጨዋታ አለ። የሚወዱት ልጆች ደግሞ የራሳቸውን ሰውና የራሳቸውን ዘፈን ይጨምሩበታል፤ ሞድ ይሉታል። ይህኛውን የአዳማ ተማሪዎች ሠሩት አለኝ። አንቺ መሆንሽን አልነገርኩትም። እሱም እቃ እንደሚያሻሽጥ ሰው፣ "የባለጣሳዋ ልዩ ነገር ጨዋታ ውስጥ መሆኗን ማወቋ ነው፣ አዴ" አለኝ። "ሌሎቹ ጭራቆች ዝም ብለው ይበላሉ። ይቺ ግን ሰው እንደሠራት፣ ክፉ ተደርጋ እንደተሠራች ታውቃለች። ከውስጥ ሆና ተጫዋቹን ታናግረዋለች።"

አየኋት። ረጅም ሴት ናት፤ ፊቷ መሆን ባለበት ቦታ የጣሳ አፍ አለ፣ ውስጡ ጨለማ። ቡናማ ሹራቤን ለብሳለች። የሹራቡ ቁልፎች ሁሉ ቡናማ፣ ሦስተኛው ብቻ ጥቁር። ያን ቁልፍ ከአባባ ካፖርት ቆርጠሽ የተከልሽልኝ አንቺ ነሽ።

ከዚያ ተናገረች። "በልተሻል?"

እህቴ፣ ልጆቹ ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህንን ነው። አጓትተሽዋል፣ ከጉድጓድ የሚወጣ አስመስለሽዋል። ለወንዱም ለሴቱም "በልተሻል?" ነው የምትለው፤ ላንቺ የተላከ ነዋ። ተጫዋቹ ጥሎ ሊወጣ ሲል ደግሞ "ቆይ፣ አትዝጊው፣ አልጨረስኩም" ትላለች። ስልክ ላይ ስንት ጊዜ ብዬሻለሁ? አሁን ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ቆሞ ያንጎራጉረው ነበር።

ተጫዋቹ ሲሸነፍ ወደ ስክሪኑ መስታወት ጠጋ ብላ የምትለውን ግን መጻፍ ከበደኝ። "ክፉ መሆኔን አውቃለሁ። ከቤቱ አንድ ሰው ክፉ መሆን ነበረበት።"

ይህን መቼ እንዳልኩሽ ሁለታችንም እናውቃለን። አባባ ካረፈ በኋላ አጎታችን ትምህርትሽን አስጥሎ አርቦዬ ወስዶ ሊድርሽ ሲመጣ ከደጅ መለስኩት። በዚያው ሰሞን ለእኔም ሽማግሌ ተልኮ ነበር። "ታናሽሽ ወደ አጎቷ ትሂድ፣ አንቺ ነይ" ሲሉ እነሱንም መለስኩ። የላካቸውን ሰው ስም አልነገርኩሽም። አንቺ ግን አዳማ ከገባሽ በኋላ ተናደሽ፣ "ክፉ ስለሆንሽ ነው ሰው የማይጠጋን፣ ቤታችንን ሰው የማይገባበት አደረግሽው" አልሽኝ። ያን ቮይስ የላክሁልሽ ለዚህ መልስ ነበር። ቃሉን ለፈይሩዛም፣ ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ያልኩሽም ያን ብቻ አልነበረም። ከኋላው ምራቂ ነበረው። ጨዋታው ውስጥ ስሰማ የለም፤ ተቆርጧል።

እኔ ነጋዴ ነኝ። እቃዬን የሰረቀኝ አጋጥሞኛል፣ አስመስሎ ሠርቶ የሸጠብኝም አጋጥሞኛል። ግማሹን ወስዶ "ሙሉው ይኸው" ብሎ ያወጣብኝ ግን አንቺ የመጀመሪያዬ ነሽ።

የሳጉሬዋ ሴት ጆንያዋን ለምን እንደዘጋችብኝም እዚያው ገባኝ። ከሊፋ እንደነገረኝ ባለጣሳዋን እስካሁን ያሸነፋት የለም። ዘፈኑን ሳይስቱ የሚጨርሱ አሉ። ቆጠራው ሲያበቃ ግን "አለቀ!" ብለው ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ያን ጊዜ አንድ ቀስት ተጨምሮ ይወርድባቸዋል። ስሙ ምራቂ ነው። "ገዳዩ ይህ ቀስት ነው" አለኝ ከሊፋ፣ "እስከዚያ ያለው ቀላል ነው።" ማታ ማታ የዕለቱን በምጽፍበት ደብተሬ ላይ ያን ቀን "ብርድ ነበር" ብቻ ብዬ ዘጋሁት።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። እንደ ማንም ከፍዬ ተቀመጥኩ። "አዴ፣ ከራስሽ ጋር ልትጣዪ ነው?" አለ ከሊፋ። ልጆቹ ከኋላዬ ተደረደሩ። መጀመሪያ ጣቶቼ ቁልፎቹን አላወቋቸውም፤ እየደጋገምኩ ተሸነፍኩ፣ እሷም እየደጋገመች ክፉ መሆኗን ነገረችኝ። "በትከሻዋ ነው እንዴ የምትጫወተው?" ብሎ አንዱ አሳቃቸው። በኋላ ቀስቶቹን ማሳደድ ትቼ ዜማውን ተከተልኩ። በየቁጥሩ መሃል የት ላይ እንደምተነፍስ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ሳቁ እየቀነሰ ሄደ።

ቆጠራው አለቀ። ዘፈኑ ቆመ፣ መስታወቱ ጨለመ። "አለቀ፣ አንሺ!" አለ አንዱ። "ዝም በል፣ ተዋት!" አለው ሌላው። ጣቴን አላነሳሁም።

ልጅ ሆነሽ የጆንያውን አፍ ይዘሽ የምትቆሚው አንቺ ነበርሽ። የመጨረሻው ጣሳ ሲገለበጥ ለቀሽው ትሮጫለሽ፤ ምራቂው መሬት ላይ ይፈስሳል፣ እኔ ተንበርክኬ እለቅማለሁ። "ቆጠራ ሲያልቅ መስፈር አያልቅም፤ እስክመርቅ ድረስ ያዢው" እያልኩሽ አደግሽ። ወጥመዱን ያገኘሽው ከዚያ ነው። ሰው የሚጎዳበት ነገር ፈልገሽ ፈልገሽ ከደግነቴ አወጣሽው።

ቀስቱ ወረደ። ተቀበልኩት። ልጆቹ ጮኹ፤ ከሊፋ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጫነ። ባለጣሳዋ ጣሳውን ከፊቷ አወረደች። ከኋላው ፊት አልሳልሽላትም፣ ነጭ ብቻ ነው። ድምፄን ሳታጓትቺ፣ ልክ እንደተናገርኩት፣ "አንቺ እንዳትሆኚ ብዬ ነው" አለች።

ልጆቹ ተያዩ። "ይኼ ነው እንዴ መጨረሻው?" አለ አንዱ ቅር ብሎት። ከሊፋ ሄዶ ስፒከሩን ቀነሰው።

የቆረጥሽውን አልጣልሽውም ማለት ነው፤ አስቀምጠሽዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ ለእኔ ነው ያስቀመጥሽው ወይስ ከሰው ነው የደበቅሽው? የመጀመሪያው ግማሽ ለአሰላ ሕፃናት ሁሉ ታደለ። ሁለተኛው ማንም የማይደርስበት ቦታ ተቆለፈበት። ጌም ቤት ገብቼ እንደምጫወት በምን አወቅሽ? ባልሄድስ ኖሮ? ይህንን ፍቅር ነው ብለሽ እንዳትከራከሪኝ። ጎተራ ተቆልፎበት የተቀመጠ እህል የተራበ አያጠግብም።

አንቺ "ጨዋታ ነው እኮ" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ጋሽ ወልደጻድቅ፣ ከአባባ ዘመን ጀምሮ ዘር በእኛ እጅ ካልተሰፈረ የማይዘሩት ሰውዬ፣ ባለፈው ገበያ አተራቸውን በሌላ ሰው አስሰፍረው ሄዱ። ሰላም አሉኝ፣ ጤናዬንም ጠየቁኝ። "የልጅ ልጆቼ ይፈሩሻል ልጄ፤ ከቤት ስወጣ እግሬን ይዘው አለቀሱ፣ ምን ላድርግ?" አሉኝ። ምራቂ ያልተቀበለ ደንበኛ ተመልሶ እንደማይመጣ ታውቂያለሽ። እኔ ማስታወቂያ የለኝም፣ ያለኝ የእጄ ስም ነው። አንቺም የተማርሽው በዚሁ ስም ነው።

ለሚመጣው ገና ከጓደኞችሽ ጋር ልትመጪ፣ "ለትምህርታችን የገበያ ድምፅ እንቀዳለን" ብለሽኝ እሺ ብዬሽ ነበር። ብርድ ልብስ ከፈይሩዛ ቤት ተውሼላችሁም ነበር። ክፍል ሁለት እየተሠራ መሆኑን ከሊፋ በደስታ ነገረኝ። ብርድ ልብሱን መልሻለሁ። ጓደኞችሽ ቤቴ አይገቡም። መቅጃ ይዞ አጠገቤ የሚቆም ሰውም አልፈልግም።

አንቺ ከመጣሽ ብቻሽን ነይ፤ ወደ ቤትም አይደለም፣ ከገና በፊት ላለው ገበያ ሳጉሬ ነይ። ከጎኔ ቁሚና ሴቶቹ ሁሉ እያዩሽ እንደ ልጅነትሽ የጆንያውን አፍ ያዢልኝ። ባለጣሳዋን ማን እንደሠራት ሲጠይቁሽ በራስሽ አፍ ንገሪያቸው፤ የቆረጥሽውንም ጨምረሽ። ይቅርታሽን በቮይስ አትላኪው፣ አልከፍተውም። ባትመጪ አልፈርድብሽም። ያን ጊዜ ግን እስከ ዛሬ የሰጠሁሽ ሁሉ ልክ ተሰፍሮ እንዳለቀ ቁጠሪው።

ከዚህ ጋር በሶና ቅቤ ልኬልሻለሁ። የሚያደርስልሽ የሚኒባሱ ሾፌር ይስሃቅ ነው። የጭነቱን ሂሳብ ስሰጠው እንደ ሁልጊዜው አልቀበል አለኝ። በዚህ ሰሞን ምራቂ ሰጥቼ የሚወስድልኝ ሰው አጥቼ ሳለ፣ እሱ መንገዱን እያየ "ይህቺ ምራቂ ትሁንልኝ" አለኝ። ጨዋታውን ሰምቶት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ደብዳቤውን በደረት ኪሱ ነው የያዘው። ስትቀበዪው አክብረሽ አመስግኚው። ሽማግሌ ልኮ ከደጃችን የተመለሰ ሁሉ ክፉ አይለኝም።

አምላክ ከሙቀቱም ከሳሉም ይጠብቅሽ። ዓይንሽን አይንሳሽ፣ ያን ሁሉ ሰዓት መስታወት ላይ ተክለሽው ትውያለሽና። የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ በእኔ ላይ የሠራሽውን እንኳ ወደ ደግ ይመልስልሽ።

ታላቅ እህትሽ

ቆጠራው እዚህ ላይ አልቋል። እጅሽን ግን ቶሎ አታንሺ።