የካፒቴን ናኦድ ድምፅ

ውድ ጋሽ መርሻ፣

ዴንቨር በረዶ ጣለ ሲባል ሰምቼ ያ ጉልበትዎ አሳሰበኝ። ስልክ ልደውል ነበር፤ ግን እርስዎ ሲሆኑ እናቴ ስልኩን ከእጄ ስለምትወስድ፣ ይህን ነገር እሷ ሳትሰማ እንድነግርዎ ብዬ ጻፍኩ።

እናቴ እታፈራሁ ከአዲስ አበባ መጥታ የተቀበልኳት ቀን ትዝ ይልዎታል? ከኤርፖርቱ ወደ ፓርኪንጉ በሚወስደው ሻትል አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። እርስዎ እየነዱ ከፊት ከተቀመጠ ሰው ጋር በአማርኛ ያወራሉ። እናቴ የዓይን ሞራ ጋርዷት የላስ ቬጋስ መብራት ሁሉ ጭጋግ ሆኖባት ነበር። ድንገት እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ።

«ብርቅታይት፣ ይሄ ሰውዬ ካፒቴን ናኦድ ነው» አለችኝ።

ጉዞው አድክሟት የምትቃዥ መሰለኝ። እርስዎ ግን ሰምተው ኖሮ ወሬውን አቋረጡ። ፓርክ አድርገው ሲዞሩ ፊትዎ ተለዋውጧል። በዚህ ስም የሚጠራዎት ሰው ካጡ ዘመን እንደሆነ በቀስታ ነገሩን።

ናኦድን እኔ ያወቅሁት ከዚያ ወዲህ ነው። እናቴ ልጅ ሳለች እሁድ እሁድ በራዲዮ ድራማ፣ በእርስዎ ድምፅ ይመጣ ነበር። የማንም ተቀጣሪ ያልሆነ፣ አንዲት አሮጌ አውሮፕላን ብቻ ያለችው አብራሪ። ለጠራው ሁሉ ይበራል፤ አንዴ መድኃኒት፣ አንዴ ከሠርጓ የሸሸች ሙሽራ ይጭናል። እናቴ ዓይኗን ጨፍና አብራው ከደመና በላይ ትሄድ ነበር። አንድ እሁድ ናኦድ ከዳሎል የጨው ሜዳ በላይ ሞተሩ እየተንተፋተፈ «የሚሰማኝ አለ?» እንዳለ ዝግጅቱ አለቀ። በሳምንቱ በዚያው ሰዓት የወታደር ማርሽ ተሰማ። መንግሥት ሊለወጥ ነበር፤ ናኦድም አየር ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሥራ በሌለዎት ቀን ዊትኒ ሰፈር ወዳለው አፓርትመንታችን መምጣት ጀመሩ። የአውሮፕላኑ ድምፅ አንድ ቬንትሌተርና አንድ ቁራጭ ካርቶን እንደነበር ሲነግሯት እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የናኦድን መጨረሻ እንዲነግሯት ስትለምንዎ ግን እምቢ አሉ።

«እኔ ድምፁ ብቻ ነኝ» አሉኝ በር ላይ ስሸኝዎ። «የሚጽፈው ጓደኛዬ ስምዖን ነበር። ወታደሮች ወሰዱት፤ አልተመለሰም። የት ሊያሳርፈው እንዳሰበ ለማንም አልነገረም። እኔ ባሳርፈው፣ ስምዖንን በእጄ የቀበርኩት ይመስለኛል።»

ዳግመኛ አልጠየቅንዎም።

እናቴ የዓይን ቀዶ ሕክምናዋን ደጋግማ ስታሰርዝ እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ዓይኔን ስለት አይነካውም ትላለች። እርስዎ ይህን ሰምተው፣ አዲሱ ቀጠሮ ሊደርስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ቬንትሌተርና ቁራጭ ካርቶን አቅፈው መጡ። መጋረጃውን ዘጉ፤ ካርቶኑን ወደሚሽከረከረው የቬንትሌተሩ ክንፍ አስጠጉ።

ቤቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሶፋው ከወለሉ የለቀቀ መሰለኝ። በመጋረጃው የሚገባው ፀሐይ ደመና ሆነ፤ ከእግራችን በታች ነጭ የጨው ሜዳ ተዘርግቶ ያበራል። ያንን ራዲዮ ሰምቼ የማላውቀው እኔ የሶፋውን ጠርዝ ጨብጬ ያዝኩ።

«የሚሰማኝ አለ?» አሉ። የወጣት ድምፅ ነበር። ሊቀጥሉ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ አሁን ሳስበው እርስዎም የሚቀጥለውን አያውቁትም ነበር።

«እሰማሃለሁ ናኦድ» አለች እናቴ። «ከሥርህ ያለው ሜዳ ሰፊ ነው። ቀስ ብለህ ውረድ።»

«አይታየኝም።»

«እኔም አይታየኝም። ግን ውረድ።»

ካርቶኑን ቀስ በቀስ አራቁት። ጸጥ ሲል ሁለታችሁም ታለቅሱ ነበር። «ስምዖን ይህችን ማረፊያ አይነቅፋትም» አሉ፣ ለእኛ ሳይሆን ለራስዎ። በቀጠሮዋ ቀን እናቴ ሳታንገራግር መኪናው ውስጥ ገባች።

የዓይኗ ሽፋን ሳይነሳ ልጅዎ ራሄል መጥታ ወደ ዴንቨር ወሰደችዎ። እናቴ አሁን የሎን ማውንቴንን ተራራ ከነስንጥቁ ታያለች፤ ሜሪላንድ ፓርክዌይ መንገድ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ ስታነብልኝ ትውላለች። እርስዎን ግን አይታዎ አታውቅም። ፎቶዎን ላሳያት ብል እጇን አወናጨፈችብኝ።

ቅዳሜ ወደ እናንተ እንበራለን። መቀመጫዋ በመስኮት በኩል እንዲሆን አስቀድማ አስይዛኛለች። ዴንቨር ስንደርስ ማንም ሳይነግራት ከሕዝቡ መሃል በፊትዎ ብቻ ለይታ እንደምታውቅዎ ትፎክራለች። እኔ ግን በሐሳቧ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ ረጅም ነው፣ የቆዳ ጃኬት ለብሷል፣ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ለዚህ ነው በድብቅ የምጽፍልዎ።

ሻንጣ ከምንቀበልበት አጠገብ ይቁሙልኝ፤ ዝም ብለው፣ እንድትፈልግዎ። አልፋዎ ከሄደች አይዘኑባት። ስሟን ብቻ ይጥሩ፤ ትመለሳለች።

አክባሪ ልጅዎ፣
ብርቅታይት