ያቃጠልኩት እኔ ነኝ

ውድ ወንድሜ ነዚፍ፣

ሱዳን የትኛው ከተማ እንዳለህ አላውቅም። ወደ ጋምቤላ ቡና ይዞ የሚወርደው አባስ፣ ይህን ወረቀት አንተን ለሚያውቅ ሰው እሰጣለሁ ብሎኛል።

ያቺን በሰም የተደፈነች ትንሽ የሬዲዮ ዕቃ፣ ኮንደንሰሯን፣ ያቃጠልካት አንተ አይደለህም፤ እኔ ነኝ።

አንተ እኔ እያሳየሁህ በይደሃት ስትሄድ ደህና ነበረች። ብየዳህ አላማረኝምና በማግስቱ ጠዋት ላሳምረው ብዬ ብቻዬን ነካካሁት። የብየዳ ብረቱን በደንብ ሳይግል ከፍሙ አነሳሁት፤ እርሳሱ አልቀልጥ አለኝ፤ እልህ ያዘኝና ጫን አድርጌ አቆየሁት። ጎሬ ስልክ ቤት ስሠራ ለስንቱ ሰው “ብረቱ ይጋል፣ ንክኪው ይጠር” ብዬ ያስተማርኩ ሰውዬ! የኮንደንሰሯ ሰም ቀልጦ ጣቴ ላይ ሲፈስ ነው የነቃሁት። ሬዲዮዋ ዝም አለች።

አንተ እየሳቅህ ገባህ።

“ጋሼ ጅራታ፣ ዛሬስ በሬዲዮ ምን አሉ?”

“ምን ይላሉ! ትናንት ብረቱን አቆይተህባት አቃጥለሃታል” አልኩህ።

ወሬ ሊሰሙ ቤቴ የሚመጡት እነኩምሳ ባሉበት። ጣሊያን መቱ ከገባ ወዲህ የውጭ ወሬ ተደብቀን የምንሰማው በእሷ ብቻ ነበር። የልብስ ሰፊ እጅህን ገልብጠህ አየኸው። በሦስተኛው ቀን “ጋምቤላ ወርጄ ሌላ አመጣለሁ” ብለህ ተነሳህ። ተው ልልህ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

አዲሷ ኮንደንሰር በአባስ የጨው ጆንያ ተደብቃ መጣች። አንተ ግን ምን ፍለጋ እንደወረድክ ለጣሊያኖቹ የነገረብህ ሰው ነበረና፣ ኬላው ላይ በስምህ እየጠየቁ መሆኑን ሰምተህ በጀልባ ወደ ሱዳን ተሻገርክ። “ጋሼ ጅራታ ጥፋቴን ይቅር ይበሉኝ” ብለህ በአባስ ላክህልኝ። ያን ቀን እህል አልቀመስኩም።

አዲሷን በየድኳት። እግሯን ፋቅኩ፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ እንዳይዘልቅ በፒንሳ ያዝኩላት፤ ገላዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንኩ። ሦስት ሳልቆጥር ብረቱን አነሳሁ። ሬዲዮዋ ስትናገር እነኩምሳ በደስታ ተቃቀፉ፤ እኔ መቀመጥ አቃተኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ኩምሳ ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

ባለቤትህ ሙሉካ ዘንድም ሄድኩ። ልጃችሁን አቅፋ ደጃፉ ላይ ሰማችኝ።

“ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ለእሱ ይጻፉለት” አለችና በሩን ዘጋችው።

ከዚያ ወዲህ ቤቴ የሚመጣ የለም። ደስ የሚል ወሬ ስሰማ ለመናገር ዞር እላለሁ፤ ሰው የለም።

ለእኔ ባትጽፍልኝ አልቀየምም። ለሙሉካ ግን በሕይወት አለሁ በላት። አባስ የሚመለስበትን ቀን ነግሮኛል፤ መንገድ ወጥቼ እጠብቀዋለሁ።

ጅራታ
መቱ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.