አያታችንን የተጫወተው ሰው

ውድ እትዬ ሊዮታ፣

የምጽፍልሽ ታናሽ ወንድምሽ ሄድሊ ነኝ። ስሜን ከወዲሁ የምነግርሽ መጨረሻው ላይ ስትደርሺ «ይህን የጻፈው የማን እብድ ነው?» እንዳትዪ ብዬ ነው። ጤናዬ ደህና ነው፤ ጉልበቴም እንደ ዕድሜው ነው። ጭንቅላቴን ግን ያለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ሲኒማ ቤት ጥዬው ወጥቻለሁ፤ ይኸው እስካሁን አልተመለሰም።

እንዴት እንደሄድኩ ታውቂያለሽ። የዌንትዘል ዘር በሙሉ በአጎታችን ልጅ በቡርኔል ጋራዥ ተሰብስቦ፣ በአያታችን በኤሞስ ስም የተሠራውና የጉምሩክ ዘበኛ ገዳይ የሚያደርገው ፊልም ውሸት ነው ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ከተሰበሰብነው አሥራ አንድ ሰዎች ፊልሙን ያየ አንድም አልነበረም፤ ውሳኔውም ያማረው በዚሁ ነው። ፊልሙ በመንደራችን በሽናይደር ኮቭ የእሳት አደጋ ተከላካዮች አዳራሽ እንዳይታይ የተቃውሞ ጽሑፍ ተረቀቀ። አንቺም ከሃሊፋክስ በስልክ «የኔን ስም መጀመሪያ አስገቡት» አልሽ። ቀጥሎ ቡርኔል ጺሙን አክኮ፣

«ውሸቶቹን ግን አንድ በአንድ መጥቀስ አለብን። የሚያይልን ሰው ይመረጥ» አለ።

«ሄድሊ ይሂድ» አልሽ አንቺ በስልኩ ውስጥ። «እሱ ፊልም ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደዋል፤ አይታለልም።»

ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አሁን ሳስበው ግን፣ እትዬ፣ ያን ያልሽው ለቀልድ ነበር ወይስ እንዳላይ ፈልገሽ ነው?

ሄድኩ። ማስታወሻ ደብተር ይዤ፣ ሁለት እርሳስ ቀርጬ፣ ለዳኝነት እንደተሰየመ ሰው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ «ጋሼ፣ ፈንዲሻ ልጨምርልዎ?» ስትለኝ «ለሥራ ነው የመጣሁት» አልኳት። አስቢው እንግዲህ።

የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጥልሽ። አንደኛ፦ የአያታችን ቤት በር ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ የኛ ወደ ውጭ ነው። ሁለተኛ፦ ኮቱ አዲስ ነው፤ በ1929 ሽናይደር ኮቭ ውስጥ አዲስ ኮት የነበረው ቄሱ ብቻ ነው። ሦስተኛ፦ ሩሙን፣ ያንን የኮንትሮባንድ አረቄ፣ ከጀልባው ሲያወርዱ ማንም አይሳደብም፤ ይህ ፈጽሞ የማይታመን ነው። አራተኛ፦

አራተኛው ላይ ምንም አልተጻፈም። እርሳሱም ከወንበሩ ሥር ወድቆ ቀርቷል።

ልንገርሽ እንጂ፣ ያቺ የፊልሙ ዳይሬክተር አታላይ ናት። እኔ ግድያውን እጠብቃለሁ፤ ጥርሴን ነክሻለሁ፤ «ይኸው ውሸቱ መጣ» ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን አላሳየችንም። ማለዳ ነው፤ ወደቡ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። የጉምሩክ ዘበኛው ስታንሊ ናውስ ፋኖሱን ይዞ ጭጋጉ ውስጥ ይገባል። ካሜራው አይከተለውም። እዚያው ይቀርና የምሳ ዕቃውን ያያል፤ እንጨቱ ላይ ያስቀመጣትን አሮጌ ቆርቆሮ። ድምፅ ትሰሚያለሽ፤ በር እንደመዝጋት ያለ፣ ትንሽዬ። ከዚያ አንድ የባሕር ወፍ መጥታ የምሳ ዕቃው ላይ ትቆማለች። አለቀ። ደም የለም፣ ሙዚቃ የለም። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ «ወይኔ» አሉ። ደብተሬን ሳየው «ወይኔ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህ ከውሸቶቹ ይቆጠር አይቆጠር ቡርኔልን እጠይቀዋለሁ።

ያ ተዋናይ ደግሞ! ቶቢያስ ክሪል ይባላል፤ እዚህ አገር ማንም አያውቀውም። አያታችንን ሲጫወት ድምፁን አንድ ጊዜ እንኳ ከፍ አላደረገም። እኛ እያየነው ያደግነው ኤሞስ ዌንትዘል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ነው፤ በዚያች ማለዳ ትኩሳት ይዞት አልጋው ላይ የነበረ፣ ሚስቱ አያታችን ሴሊና በመጽሐፍ ቅዱስ የማለችለት፣ ይህም ሆኖ ሃያ ዓመት የተፈረደበትና በሦስተኛው ዓመት እስር ቤት የሞተ ንጹሕ ሰው። ለሱ ሰባ ዓመት ሙሉ አዝኜለታለሁ። ወድጄው ግን አላውቅም፤ ፎቶ እንዴት ይወደዳል? ይኸኛውን፣ ገዳዩን፣ በሁለት ሰዓት ወደድኩት። ዕዳውን ሲፈራ፣ ሚስቱን ለማሳቅ በካልሲው ሲደንስ፣ ጥቂት ሩም እንዲያሳልፍለት ዘበኛውን ሲለምነው። «ስታን፣ ዞር ብለህ ብታነጥስልኝ ምን አለበት?» ይለዋል። እየሳቅሁ ነበር። ምን ዓይነት የልጅ ልጅ ነኝ?

አሁን ወደ ገበታው ልምጣ። ደብዳቤው የተጻፈው ለዚህ ነው።

ከግድያው በኋላ ወደ ቤት ይመጣል። እጁን ይታጠባል። ሚስቱ ቁርስ አቅርባለች፦ ድንችና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ዓሣ። ካሜራው ጥግ ላይ ተቀምጦ ዝም ይላል፤ አራት ደቂቃ ይሆናል። እሷ አትጠይቅም፤ እሱ አይናገርም። ድንቹን ይልጣል። ሲጨርስ ቢላዋውን ግራ ጉልበቱ ላይ ሁለቴ፣ በዚህም በዚያም፣ ይጠርገዋል።

እትዬ፣ አባባ!

ቢላዋ በጉልበቱ የሚጠርግ፣ ከዚያም ስለቱን ወደ ራሱ አዙሮ የሚያስቀምጥ ሰው በሕይወቴ አንድ ብቻ አይቻለሁ፤ አባታችንን። ያውም እንግዳ በሌለበት፣ እኔና አንቺ እማማም ብቻ ስንሆን። «የአባቴ ልማድ ነው፤ ስለት ወደ ሰው አይዞርም» ይለን ነበር። ያ ሰውዬ ከየት አመጣው? ወንበሬ ላይ ቀጥ አልኩ። ቆይ ግን፣ ገና ነው። ክሪል ቢላዋውን ጠርጎ ስለቱን ወደ ሚስቱ አዙሮ አስቀመጠው። መብላት ጀመረ። ሁለት ጉርሻ ጎረሰ። ከዚያ ዓይኑ ሳያይ እጁ ብቻዋን ተመልሳ ሄደችና ስለቱን ወደ ራሱ አዞረችው። ሚስቱ እጁን አየች። ፊቷ ላይ የሆነውን ልነግርሽ አልችልም፤ ምንም አልሆነም፤ ሁሉንም ግን አወቀች። ለሕፃን የሚገባ ነገር ነው፤ ዕድሜ ልኩን ያልረሳውን ነገር የረሳ ሰው ዛሬ ምን አድርጎ መጣ?

ፊልሙ ሲያልቅ አልተነሳሁም። የምታጸዳው ልጅ እግሬ ሥር እየጠረገች «ጋሼ፣ አልቋል እኮ» አለችኝ። «አውቃለሁ፤ ስም እያነበብኩ ነው» አልኳት። የመብራት ሠራተኛ፣ የጫማ ሠራተኛ፣ የጀልባ ባለቤት፤ ከሁሉም በታች አንድ መስመር፦ «ምስጋና ለወይዘሮ ኤል፣ ሃሊፋክስ፣ ስለ ገበታው።»

ሃሊፋክስ ውስጥ ስሟ እንዳንቺ በእንግሊዝኛው ኤል የሚጀምር ስንት ወይዘሮ እንዳለ አላውቅም። የአባባን ቢላዋ የምታውቅ ግን አንዲት ናት፤ እሷም የተቃውሞው ጽሑፍ ላይ መጀመሪያ የፈረመችው ናት።

አልተቆጣሁም። ልቆጣ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ የቱን ይዤ እንደምቆጣ ጠፋኝ። ጉልበቱ ላይ መጥረጉን ከአባባ አይተሻል፤ እሺ። የእጁ መመለስ ግን? ከአያታችን ከሴሊና ጋር እስከ አሥራ አምስት ዓመትሽ አንድ ክፍል የተኛሽው አንቺ ነሽ፤ እሷ ስትሞት እኔ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያንን ከነገረችሽ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ላይ በውሸት ምላለች፤ እኛም ይህን ሁሉ ዘመን ናውሶችን የተቀየምነው በከንቱ ነው። ካልነገረችሽና ክሪል ከራሱ ያመጣው ከሆነ፣ ያ ሰው በዓለም ላይ ካሉ ተዋንያን ሁሉ ይበልጣል፤ አያታችንም አሁንም ትኩሳት ይዞት አልጋው ላይ ነው። ያየሁት ትወና ነው ወይስ ምስክርነት? አንዱን ስይዝ ሌላው ይመጣብኛል። ስልክ አንስቼ ልጠይቅሽ አሰብኩና ድምፅሽን ፈራሁ።

እሑድ ቀትር በእሳት አደጋ አዳራሹ የመንደሩ የጋራ እራት፣ የበልጉ ሳይሆን የመኸሩ፣ ነበር፤ ለምን በቀትር እየተበላ እራት እንደሚባል ዛሬም አይጠየቅም። እኛ እንደ ድሯችን በመስኮቱ በኩል፣ ናውሶች በምድጃው በኩል። ጥቅል ጎመኑ እንደ ሁልጊዜው በሁለት ጭልፋ፣ የኛ ጭልፋና የነሱ ጭልፋ። ቡርኔል ጽሑፉን ኪሴ ውስጥ ወተፈልኝ።

«ጮክ ብለህ አንብብ። የውሸቶቹን ዝርዝርም ጨምርበት» አለኝ።

ቆምኩ። «እኛ ከዚህ በታች ስማችን የሰፈረው» ብዬ ጀመርኩ፤ ዓይኔ ከዚህ በታች ወረደ፤ ያንቺ ስም ነው። ወረቀቱን ዝቅ አደረግሁት።

«ፊልሙን አይቼዋለሁ» አልኩ። «በሩ ወደ ተሳሳተው ጎን ይከፈታል። ኮቱም አዲስ ነው። ትወናው ግን…»

«ትወናው ግን ምን?» አለ ቡርኔል።

«ትወናው ግን ጥሩ ነው።»

ከምድጃው በኩል ኢርቪን ናውስ፣ የተገደለው የስታንሊ የልጅ ልጅ፣ ቀና አለ።

«ምን ያህል ጥሩ?» አለኝ።

«አያቴን እስክወደው ድረስ።»

«እንዴ፣ ድሮ አትወደውም ነበር?» አለች ከነሱ ጠረጴዛ አንዷ፤ ከሁለቱም ወገን ሳቁ። ቡርኔል ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀና «ዞሮበታል» ብሎ አስታወቀ። የአዳራሹ ኮሚቴ በሚቀጥለው ሳምንት ሲሰበሰብ ራሱ ያነበዋል። የኔን ስም እዚያው አሰርዤዋለሁ። ያንቺን አልነካሁትም፤ የራስሽ ነው።

ስወጣ ኢርቪን ኮት መስቀያው አጠገብ ጠበቀኝ። አንቺ ካየሽው ቆይቷል፤ ጎብጧል። ከሰላምታ በቀር የተነጋገርነው ነገር ኖሮ አያውቅም።

«የኛን ሰውዬ ማን ሠራው?» አለኝ።

«አንድ ወጣት ነው። ጆሮው ትልልቅ ነው።»

«አያቴም ጆሮው ትልቅ ነበር ይላሉ። ይስቃል?»

«ይስቃል። ስለ ሚስቱ ኬክ ይቀልዳል፤ ‘ኬኳ እንዲህ ከጠነከረ ወደቡን ልሠራበት እችላለሁ’ ይላል። ሲቀልድ ግን ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። እንደፈራ ትረዳለህ፤ ፍርሃቱንም ለሰው ሊያሳይ አይፈልግም።»

ኢርቪን ቆቡን በእጁ አሽከረከረው። «ሦስት ጊዜ ትኬት ቆርጬ ሦስት ጊዜም ከመኪናዬ አልወረድኩም፣ ሄድሊ።»

«ለምን?»

«እኔ የማውቀው የሞተ ሰው ነው። ሲሞት ግን አይቼው አላውቅም።»

«አያሳዩትም» አልኩት። «የምሳ ዕቃውን ብቻ ነው የሚያሳዩት።»

ቆቡን መልሶ ደፋና፣ «ከሰው ጋር ቢሆን እገባ ነበር» አለ። ሊጠይቀው የሚችል ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው ወይስ መጠየቅ ያለበት እኔን ሆኖ ነው? ይህም አልገባኝም፤ ግራ ካጋቡኝ ነገሮች ላይ ጨምሪልኝ። «ቅዳሜ ስምንት ሰዓት» አልኩት።

ስለዚህ፣ እትዬ፣ የጻፍኩልሽ ልወቅስሽ አይደለም። ቅዳሜ በጧቱ አውቶቡስ ነዪ። መሐላችን ትቀመጫለሽ። ገበታው ጋ ሲደርስ ኢርቪን «ይህን ማን ነገራቸው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ሞኝ አይደለም። አያታችን ሴሊና የነገረችሽ ነገር ካለ፣ ለኔ ሳይሆን ለሱ ንገሪው። ቀድሞ መስማት የሚገባው እሱ ነው፤ እኔ ጎን ሆኜ እሰማለሁ። የነገረችሽ ከሌለም የሌለ መሆኑን ንገሪው፤ ክሪልን አብረን እናደንቀዋለን፤ እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።

ካልመጣሽ አልቀየምም። እኔና ኢርቪን በመሐላችን አንድ ወንበር ባዶ ትተን እናየዋለን። ኮታችንንም አናስቀምጥበትም።

ግራ የገባው ወንድምሽ፣
ሄድሊ ዌንትዘል
ሽናይደር ኮቭ፣ ኖቫ ስኮሺያ