ጋሼ የሠራው መንደር

ኅዳር 3
ዛሬም ራዳሩ ላይ ስናፈጥ ዋልን። ተዋጊ ጀታችን እስካሁን የጠላት አውሮፕላን ብቻ ነበር የሚያድነው። አሁን መሬትም እንዲመታ ተፈልጓል። የኔ ድርሻ፦ አብራሪው አንዲት ቁልፍ ሲጫን ስክሪኑ ከሰማይ ወደ መሬት እንዲዞር ማድረግ። ሁለት ሰከንድ ይፈጃል። "ይሄማ ዘላለም ነው!" አለ አለቃዬ።

ኅዳር 9
ጋሼ እኛው ጋ ሥራ አገኘ! ግንበኛ ሆኖ ስንት ጊዜ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ፣ ታላቅ ወንድሜ... እናቴ መረቀችው። ለሙከራው ሜዳ ቤቶች ሊሠራ ነው።
"በርና መስኮት ሳይቀር አሉኝ" አለ እየሳቀ።
"ለሚፈርስ ቤት?"
"እኔ ምን ቸገረኝ!"
መሬት ሲሉኝ ታንክ፣ ድልድይ ነበር የመሰለኝ። መስኮት ምን ያደርጋል?

ኅዳር 17
አለቃዬን ጠየቅኩት። "ጀቱን የሚገዙት ሰዎች እውነተኛ ነገር ማየት ይፈልጋሉ" አለ ማስቲካውን እያላመጠ።
ስክሪኑ አሁን በቅጽበት ይዞራል። አጨበጨቡልኝ።

ኅዳር 22
የማሳያው ቀን። ሊገዙ የመጡት እንግዶች ጥላ ሥር፣ ጭማቂ በእጃቸው። ጀቱ መጀመሪያ ሰው አልባ አውሮፕላን ሰማይ ላይ አጋየ። ከዚያ እጥፍ አለና ጋሼ ወደ ሠራው መንደር። መንደር የለም። አቧራው እኛ ድረስ መጣ። አንዱ እንግዳ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነ።
"ሰው ቢኖርበትስ?"
"ያው ነው ጌታዬ" አለ አለቃዬ። "ሙሉ ሆነ ባዶ፣ ለጀቱ ልዩነት የለውም።"
ሳቁ። ጋሼ አጠገቤ ነበር... እሱም ሳቀ!
ጥያቸው ወደ ቢሮ ተመለስኩ።

ኅዳር 23
ሥራ ለቀቅኩ።
"ኅሊናሽ ዛሬ ነው የነቃው?" አለኝ አለቃዬ።
እውነቱን ነው። ከዚያ አፍ እውነት ሲወጣ እንዴት ያስጠላል!

ታኅሣሥ 8
እናቴ እንዳኮረፈች ነው። "ሲሳይሽን በእግርሽ ገፋሽ።"
እራት ላይ ጋሼ ፊቱ ፈክቶ ቤቴ መጣ። ሁለተኛ መንደር ታዟል።
"ትምህርት ቤትም አለበት። የልጆቹን አግዳሚ ወንበር ራሴ ነኝ የምሠራው።"
"የየትኞቹ ልጆች?"
"ኧረ እህቴ፣ ባዶ ነው እኮ! ለማሳያ!"
የወንበሩን ቁመት በእጁ ያሳየኝ ጀመር... ይህን ያህል፣ ለትንንሾቹ።
"ውጣልኝ" አልኩት።
እናቴ ነጠላዋን አነሳች። አብራው ወጣች።